«ጎበዝ ከሆነ ናቹራል ይግባ»

ቁይ ላይ 10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ልጅ ምን ሊመርጥ እንዳሰበ የሚጠይቀው ሰው የለም። መልሱ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ናቹራል ይገባል፣ ሐኪም ይሆናል። ይህ ቁይ የምትገኝበት የደባይ ጥላትግን ወረዳ ልማድ ብቻ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ፣ ከዚያም አልፎ በመላ አገሪቱ የተፈጥሮ ሳይንስ የጎበዞች፣ ማኅበራዊ ሳይንስ የደካሞች ክፍል ተደርጎ ተቆጥሯል። ታሪክ የሚወድ፣ ካርታ የሚያነብ፣ አሳምሮ የሚጽፍ ልጅ «ሶሻል ልግባ» ያለ ቀን ወላጅ ያዝናል፣ መምህርም «ምን ነካህ?» ይለዋል። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ በሚገኝበት በምሥራቅ ጎጃም ቋንቋና ትርጓሜ የሰነፍ ትምህርት ተብለው መናቃቸው ያሳዝናል።

የልማዱ ጠበቆች ቁጥር ይጠቅሳሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከተፈታኙ 3.3 በመቶ። ከእነዚህ 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ 6.8 እና 1.3 ይሆናል። «አያችሁ፣ ናቹራል ይሻላል» ይባላል።

ክርክሩ ግን ዞሮ ራሱን የሚጠልፍ ነው። ለዓመታት ጎበዙን እየመረጡ ወደ አንዱ ክፍል፣ የተረፈውን ወደ ሌላው ከላኩ በኋላ ሌላ ምን ውጤት ይጠበቃል? ልዩነቱን የፈጠረው ልማዱ ራሱ ነው፤ መልሶ ለልማዱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መንግሥትም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ባወጣው ፖሊሲ ልማዱን አጽንቶታል። ከዚያው የፈተና ቁጥር ደግሞ ማንም የማያነሣው ሌላ ነገር አለ። ከመቶ የናቹራል ተፈታኞች 93ቱ ግማሹን ነጥብ እንኳ አላገኙም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ወይም በተቆለፈበት ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማለት ቀመር መሸምደድ ነው፤ ፊዚክስም እንዲሁ። በላዩ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ልጆቹ ያለ መምህር ያሳለፉት ጊዜ ቀላል አይደለም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለን ልጅ፣ ዝንባሌው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ «ጎበዝ ስለሆንክ» ብሎ ወደ ፊዚክስ መግፋት ግፍ ነው።

ሕክምና በእርግጥ የሳይንስ ሙያ ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የማያውቅ ሐኪም ይኑር የሚል የለም። ስሕተቱ ሕክምና ከእነዚህ ሌላ ምንም አይፈልግም ማለት ነው።

ለዚህ ምስክሩ እዚያው የጎጃም ደጋ ላይ አለ። ምሥራቅ ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት በብዛት ከሚታይባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ገበሬው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው ውስጥ ይገባል፣ የሊምፍ መስመሮቹን ይጎዳል፣ እግሩም እየቆየ ያብጣል። ተዋሕስ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ወደ ምክንያቱ የደረሰው በማይክሮስኮፕ ብቻ አልነበረም። በሽታው የሚገኝባቸውን ቦታዎች ከአፈሩ ዓይነት፣ ከከፍታውና ከዝናቡ መጠን ጋር አስተያይቷል። ይህ ጂኦግራፊ ነው፤ የእኛ የወደፊት ሐኪም 10ኛ ክፍል ላይ «አያስፈልግህም» ተብሎ የሚተወው ትምህርት።

መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ሕመምተኛው «የዘር ነው» ወይም «እርግማን ነው» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላል፤ ሐፍረቱም ከጤና ጣቢያ ያርቀዋል። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ሊወረስ እንደሚችል ጥናት አሳይቷል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ከአፈሩ የጠበቀ ግን ከበሽታው ሊድን ይችላል። ይህን ለአንድ የቁይ ገበሬ ሳያሳፍሩ፣ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የሐኪም ሥራ ነው። የትኛው የናቹራል ፈተና ነው ይህን ችሎታ የሚለካው?

የዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ዓመት ይህን ክፍተት በመጠኑ ሊሞላ ይችል ነበር። ተቋርጦ ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ ተካተውበታል። ሕክምና የሚጠብቀው ተማሪ ግን እነዚህን ነጥብ መሰብሰቢያ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሃንድአውቱን ሸምድዶ ይፈተናል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ሲመረጥ የሚጠየቀው ድምር ውጤቱን ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ቆም ብሎ አስቧል። የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ኤምካት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂን የሚፈትን ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ኒው ዮርክ የሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ሥነ ጽሑፍና ታሪክን የመሳሰሉትን የሚያጠኑ ተማሪዎችን፣ ኤምካት ሳይወስዱ፣ የአንድ ዓመት ባዮሎጂና የአንድ ዓመት ኬሚስትሪ ብቻ ጠይቆ መቀበል ጀመረ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እነዚህ ተማሪዎች በመጀመሪያው የፈቃድ ፈተና ጥቂት ዝቅ ቢሉም በሆስፒታል ሥልጠናቸው ከጓደኞቻቸው እንዳላነሱ አሳይቷል።

ኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ጅምር ነበራት። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተከፈተው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም አድርጓል፤ ሲቀበል ግን የፈለገው የተፈጥሮ ሳይንስና የጤና ምሩቃንን ነበር። በ16 ዓመቱ ሶሻል ብሎ የሞላ ልጅ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚገባበት በር የለም። ወላጆች ልጃቸው ሶሻል እንዳይገባ የሚከላከሉትም በሩ እንደሚዘጋበት ስለሚያውቁ ነው፤ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው።

እንግዲህ መጀመር ያለበት ከበሩ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ አንድ ዓመት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ተምሮ ለሕክምና የሚወዳደርበትን መንገድ ይክፈት፤ የናቹራሉም ተማሪ እስከ 12ኛ ጂኦግራፊ ይማር። የቁይ መምህራንና ወላጆች ደግሞ ሚኒስቴሩን መጠበቅ የለባቸውም። የዘንድሮውን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የትኛውን ትምህርት ወድዶ እንደሚያነብ ይጠይቁት፤ መልሱንም ያክብሩለት።