«ተነቅሏል፤ ይሂዱ!»

ጥርስ ማስነቀል እንደሚያስፈራ ሁሉም ያወራል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ከነቀላው በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ከደብረ ኤልያስ ገጠር ሌሊት የተነሡ አንድ አባት ከተማ ይገባሉ፤ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ መርፌ ይወጋሉ፤ ጥርሳቸው ይወጣል። ከዚያ ጎዝ ያስነክሷቸውና «ተነቅሏል፤ ይሂዱ!» ይባላሉ። እንዳይጠይቁ አፋቸው ደንዝዟል። አንዳንዴ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ እሱም በእንግሊዝኛ!

ማደንዘዣ ሕመሙን እንጂ የመገፋትና የመጎተቱን ስሜት አይወስድም። ይህ ያልተነገረው ሰው «ቋ» የሚል ድምፅ ሲሰማ መንጋጋዬ ተሰበረ ብሎ ቢደነግጥ ይፈረድበታል? «ካመመዎት እጅዎን ያንሡ፣ ማደንዘዣ እንጨምራለን» ማለትስ ስንት ብር ያስወጣል?

ትልቁ ጣጣ ግን ቤት ነው የሚጠብቀው። ምራቁ ደም ደም ይላል (በመጀመሪያው ቀን ይህ የተለመደ ነው)። ጎረቤት ደግሞ «በአረቄ ይጉመጥመጡ፣ ያደርቀዋል» ይላል። የጎጃም አረቄ ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም እኮ የቁስሉ ክዳን ነው። ጎዙን ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቆ መንከስ፣ ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ ደጋግሞ አለመትፋት፣ አለማጨስ፣ ትኩስ ቡናውንም ማቆየት ለእሱ ሲባል ነው። በማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ ይቻላል። ክዳኑ ከተነሣ አጥንቱ ይራቆታል፤ በ3ኛው ቀን ገደማ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመም ይነሣል። ያኔ «ባላስነቀልሁት ይሻል ነበር» ይመጣል፤ ይህን የሰማ ጎረቤትም የራሱ ጥርስ ሲያመው የመንደር ነቃዩን ጉጠት ይመርጣል።

«ገበሬው ቢነግሩትም አይገባውም» የሚሉኝ አሉ። ደብረ ኤልያስ እኮ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩበት የቅኔ አገር ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ለኖረ አገር «ዛሬ አይትፉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይከብዳል? «ወረፋው በዝቶ ነው» ለሚሉትም፦ ምክሩ 2 ደቂቃ አይፈጅም፤ በሦስተኛው ቀን እየቃተተ የሚመለሰው ሰው ግን ያንኑ ወረፋ ያረዝመዋል።

እብጠት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ከዚያም በኋላ የሚያድግ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ጎዝ ተነክሶበትም የማይቆም ደም፣ አፍ ለመክፈት ወይም ለመዋጥ መቸገር ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስመልስ ነው። ይህ ለመንገደኛ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል። «ካመመዎት ይመለሱ» ብሎ መሸኘት ምን ማለት ነው? የትኛው ሕመም? በየትኛው መኪና?