ሞተሩን ቀየራችሁ፤ ፍሬኑስ?

አሮጌ መኪና ያለው ወዳጅ ካላችሁ ወሬውን ሰምታችኋል። የዲኤክሱ 1300 ሞተር ደክሟል፣ 1600 ሊገባለት ነው። የአባት ቅርስ የሆነችው ቮልስ ጉልበት ያለው ሞተር ሊገጠምላት ነው። ያቺ ቤንዚን የምትጠጣው የጥንት ላንድ ክሩዘር ደግሞ የናፍጣ ሞተር ተገኝቶላታል። ሥራው ሲያልቅ ኮፈኑ ተከፍቶ ፎቶ ይነሳል፣ ይለጠፋል፣ "አዲስ ሆነች!" ይባላል። የዛሬ ጉዳዬ ፎቶው ላይ የማይታየው ነው። ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ አሞርዛተሩና መሪው ያው ለድሮው ሞተር ተለክተው የተሠሩት ናቸው።

ሞተር መቀየርን አልቃወምም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንደማይገባ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ተናገሩ። በዚህ ሁኔታ ሰው ያለችውን መኪና ዕድሜ ቢያራዝም ምን ይደንቃል? እኔን የሚያናድደኝ ግማሽ ሥራ ሠርቶ "ጨርሻለሁ" ማለት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ትሄድ የነበረች መኪና 120 ስትሄድ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ቀይሮ ማስወገድ ያለበት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ድሮ ደካማው ሞተር ራሱ ጠባቂ ነበር፤ ብትፈልጉም አትፈጥኑም። ያንን ጠባቂ አንስታችሁ ነው ከአዲስ አበባ አዳማ ባለው ፈጣን መንገድ የምትከንፉት።

ፈጣኑ መንገድ ግን ቢያንስ ሜዳ ይበዛዋል። እስቲ ከአሰላ ወደ አዳማ ውረዱ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዳማ ደግሞ 1,600 ገደማ። ኢተያንና ዴራን አልፋችሁ ስትመጡ ይህ ሁሉ ቁልቁለት በአብዛኛው የሚያርፈው ፍሬን ላይ ነው። ታምቡር ፍሬን ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ሲግል ታምቡሩ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጣል። ዘይቱም የራሱ ጣጣ አለው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ እግራችሁም ወለል ይነካል። ከዚያ በዜና "ፍሬን እምቢ ብሎት" እየተባለ እንሰማለን። እምቢ ማለት ምን ማለት ነው? ያልተሠራበትን ሥራ ጭናችሁበት አቅሙ አለቀ እንጂ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከቤንዚን ወደ ናፍጣ መቀየር ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጅ) የተሠሩት አጫጭር ላንድ ክሩዘሮች አራቱም እግራቸው ታምቡር ነው። ሰርቮ ያለው መኪና ከሆነ፣ ሰርቮው እግራችሁን የሚያግዘው የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በሚፈጥረው ክፍተት ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ክፍተት አይፈጥርም፤ ለዚህ የተሠራ ፓምፕ ያስፈልገዋል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ይመጣል። ዲናሞው በሌላ ከተተካ ወይም ቱቦው ካልተገናኘ ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ባጃጅ ድንገት ሲገባበት ነው።

ክብደቱም አለ። ከባድ ሞተር ፊት ላይ ሲቀመጥ የፊት ባሌስትራ ወይም ሞላ ይተኛል፣ የጎማው አቋቋም ይለወጣል፣ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋ ይደፋል። የኋላው ሲቀልለው ጎማው ቀድሞ ይቆለፍና መኪናዋ ትዞራለች። ቮልስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የድሮዎቹ የኋላ አክስል አሠራርም በፍጥነት ስትታጠፍ ጎማው ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ያደርጋል። እዚያ ላይ ጉልበት መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ ገምቱ። ስለ መሪ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አዲሱ ሞተር አላስገባ ብሎ የመሪ ዘንግ ቆርጦ በብየዳ የሚቀጥል ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

"እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ታዲያ ትልቁ ሞተር ለምን አስፈለገ? ደግሞስ መኪናው ሲሸጥ የሚገዛው ልጅም ቀስ ብሎ ይነዳል?

ወደ መንግሥት ልምጣ። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ይመራል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ እንዲስተካከል ይፈለጋል። ጥሩ ነው፤ ሌባ ይያዝበታል። ግን የሞተር ቁጥር መኪናው መቆም መቻሉን አይነግረንም። የቦሎ ምርመራም ቢሆን ፍሬኑ መያዙን እንጂ ለአዲሱ ሞተር መመጠኑን ለማወቅ የታሰበ አይደለም። የቮልስ አገር በሆነችው ጀርመን ከተፈቀደለት ውጭ የሆነ ሞተር የገባበት መኪና የመንገድ ፈቃዱን ያጣል፤ እንደ ቱፍ ያለ ተቋም ባለሙያ ፍሬኑን ጭምር አይቶ ሰነዱ ላይ እስኪያስገባው ድረስ አይነዳም። እኛ ጀርመን አይደለንም ትሉኝ ይሆናል። ቁልቁለቱ ግን ይህን አያውቅም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የኦሮሚያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ከመጻፉ በፊት መኪናው የፍሬን መለኪያ ማሽን ላይ ይውጣ፤ የእያንዳንዱ ጎማ አያያዝ በቁጥር ይመዝገብ። ባለሙያ ጎደለ እንዳይባል አዳማ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ።

"አቅም የለንም" ለሚሉ ባለቤቶችና ጋራዦችም መልስ አለኝ። ያ ያገለገለ ሞተር ከሰማይ አልወረደም፤ ከተፈታ መኪና ነው የወጣው። የዚያው መኪና የፊት ዲስክ፣ ሰርቮ፣ አሞርዛተርና የመሪ ሳጥን ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሁሉም እንዳለ አይገጥምም፤ የሚገጥመውን መለየት የመካኒኩ ሥራ ነው። ለሞተሩ ዋጋ ስትከራከሩ እነሱንም አብራችሁ ተደራደሩ። ሻጩ ሞተሩን ከሸጠ በኋላ ቀሪውን በኪሎ ለብረት ገዢ ነው የሚሰጠው።