ጭብጨባችን ለማን ነው? ከሚሊኒየም አዳራሽ እስከ ቦንጋ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦንጋ ውስጥ ነው። የበዓሉን ስምና የአዘጋጁን ማንነት መጥራት አልፈልግም፤ ጉዳዬ ከእነሱ ጋር አይደለምና። በዓሉ እንደ ብዙዎቹ በዓሎቻችን ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ንግግሮች ነበሩ፤ ከንግግሮቹ በኋላ ደግሞ የንግግሮቹ ማጠቃለያ ንግግር ነበር። ሕዝቡ በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ ጠበቀ። በመጨረሻ የመድረክ መሪው «አሁን ደግሞ ለመዝናናት ያህል የኪነት ቡድናችን አንድ ዜማ ያሰማናል» አለና ስልሳዎቹን ያለፈ አንድ ሰው ወደ መድረክ ወጣ። ስሙ አልተጠራም።

ዜማውን እንደጀመረ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ኪቦርዱም አብሮት ሞተ። ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። ሰውየው ግን አልወረደም። ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣና በባዶ ድምፁ በካፊኖኖ መዝፈኑን ቀጠለ። የተከተለው አንድ ከበሮ መቺ ብቻ ነበር።

ሳቁ ቆመ። ቀጥሎ ወሬው ቆመ። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ ላይ ወረቀት ሲያገላብጡ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። እኔ ያደግሁት ቦንጋ ቢሆንም የመምህር ልጅ ነኝና ካፊኖኖዬ ከገበያ አያልፍም። አጠገቤ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ ምን እያለ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ስለሄዱት ነው ልጄ። ቢተረጎምልህ አይገባህም፤ ዝም ብለህ ስማው» አሉኝ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀስ ብለው ሄዱና የለበሱትን ጋቢ በዘፋኙ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። በዚህ መሐል መብራት መጣ፤ ኪቦርዱ በራሱ ጊዜ ጮኸ፤ ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ኧረ አጥፉት!» ብሎ ተቆጣ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የነበረውን ጭብጨባ ለመግለጽ ይቸግረኛል። የመድረክ መሪው ግን ጭብጨባው እስኪበርድ እንኳ ሳይጠብቅ «ወደ ቀጣዩ መርሐ ግብራችን እናልፋለን» አለ። አለፍን። እኔም ከሕዝቡ ጋር አጨብጭቤ፣ የሰውየውን ስም ሳልጠይቅ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚሊኒየም አዳራሽ የተደረገው የማሕሙድ አሕመድ የስንብት ኮንሰርት ነው። በ83 ዓመቱ ከመድረክ የተሰናበተውን አንጋፋ ድምፃዊ ለማየት በሺሕ የሚቆጠር ሰው ወጣ። እኛ ቦንጋ ያለነው በየስልካችን ላይ በምትዞር ቁራጭ ቪዲዮ ነው ያየነው። በቪዲዮው ላይ እኔን የሳበኝ ከዘፋኙ ይልቅ ሕዝቡ ነው፦ አብሮ የሚዘፍነው፣ ትከሻውን የሚነቀንቀው፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው። ብዙዎቹ ማሕሙድ ስሙን ባስጠራባቸው ዓመታት ገና ያልተወለዱ ወጣቶች ናቸው። እነዚህ ልጆች ያልኖሩበትን ዘመን እንዴት ሊናፍቁ ቻሉ?

እንባው የምን ነው?

በአገራችን የሙዚቃ አድማጭ የራሱ ሥርዓት አለው። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚሰጠው አድማጩ ራሱ ነው፤ ደስ ሲለው ብሩን በዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከአፍ ወደ ሳክስፎን ሲያሻግረው የሰማ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብደዋል። የበገና አድማጭ ደግሞ አያጨበጭብም፤ አንገቱን ደፍቶ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። እንግዲህ ዝምታም፣ እልልታም፣ ጋቢ ማልበስም መልስ ነው። በእኛ ዘንድ አድማጭ የዘፈኑ ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።

የማሕሙድ አድማጮች ስሜትም ከዚህ ተነጥሎ የሚታይ አይመስለኝም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደቡ የአዲስ አበባን የሌሊት ሙዚቃ አዳከመው። ዘፈን ከዳንስ ቤት ወጥቶ በካሴት ውስጥ ገባ፤ በካሴት አማካይነትም ወደ ሳሎን፣ ወደ ታክሲ፣ ወደ ሻይ ቤት ገባ። ስለዚህ የማሕሙድን «ትዝታ» የሚሰማ ወጣት የሚያለቅሰው ለ1960ዎቹ አዲስ አበባ አይደለም። አባቱ ቅዳሜ ከሰዓት መኪና እያጠበ የሚያንጎራጉረውን፣ የእናቱን የቡና ሰዓት፣ የታላቅ እህቱን ሠርግ ነው የሚያስታውሰው። እያንዳንዱ ወደ አዳራሹ የገባው የራሱን ቤት ይዞ ነው።

ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። እኛ አርቲስቶቻችንን የምንሰናበተው ብዙ ጊዜ በቀብር ነው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ነው ያዘነው፤ ቀብሩም በመንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በብሔራዊ ክብር ተፈጸመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያፈሰሰውን እንባ ግን ጥላሁን አላየውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረታችን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የማሕሙድ ምሽት ልዩ የሆነው ምስጋናው ለባለቤቱ በቁሙ ሳለ በመድረሱ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ከነበረው ስሜት ቢያንስ ከፊሉ «ለካ እንዲህም ይቻላል!» የሚል ነው ብዬ አምናለሁ።

ተሰጥኦ ብቻውን አይበቃም

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ቦንጋ ላይ ጨለማ ውስጥ የዘፈነው ሰውና ማሕሙድ አሕመድ የሚለያዩት በተሰጥኦ ብቻ ነው? በድምፅ አላወዳድራቸውም። የመጡበትን መንገድ ግን ማወዳደር ይቻላል።

ማሕሙድ መርካቶ አካባቢ ያደገ፣ ጫማ የጠረገ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት አሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር «እኔ ልሞክር» አለ፤ ሞከረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ማሕሙድን ዛሬ የሚያስታውሱት የዚያ ምሽት ጠጪዎች ብቻ ይሆኑ ነበር። አልቆመም። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ደመወዝ፣ ልምምድና መድረክ ሰጠው። አምሃ እሸቴን የመሰሉ አሳታሚዎች፣ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ድርጅት ብቻ ሥራ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍረው የወጣቶቹን ድምፅ አተሙ። «ኧረ መላ መላ» በ1960ዎቹ መጨረሻ ተቀረጸ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ደግሞ በቤልጂየም አሳታሚ በኩል ለአውሮፓ አድማጭ ደረሰ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በኋላ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም እንዲያዘጋጅ መነሻ የሆነው የማሕሙድን ሸክላ መስማቱ ነው። በአውሮፓውያን 2007 የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት መጣ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ከተሰጥኦው ሌላ አንድ ነገር አለ፦ ደመወዝ፣ መድረክ፣ ሸክላ፣ ካሴት። ፋልሴቶ የሰማው አንድ ሰው አንድ ቀን ስለቀረጸው ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለክፍለ ሀገር ሰዎች የበለጠ ይቀርበናል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አሜሪካ ቀርቶ ኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት አነፍናፊ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴቱን አገኘና በአውሮፓውያን 2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ዓለምን እየዞረ ለራሱ አድማጭ ተጫወተ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ አቧራ የጠጣ አንድ ካሴት የአንድን ሰው የመጨረሻ ዘመን ለወጠ። ካሴቱ ባይኖርስ?

የቦንጋ ጥያቄ

የካፋ ዞን በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ 874,716 ሕዝብ ነበረው። ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። የካፋ ደን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ለቡናችንም ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞለታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሕዝቡ የዘመን መለወጫውን ማሽቃሬ ባሮን ለማክበር ይሰበሰባል። ስለዚህ አድማጭ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የጎደለው አድማጩ ከሰማው በኋላ የሚሆነው ነገር ነው።

ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የክፍለ ሀገር ሙዚቀኞች ብዙዎቹ የተማሩት በደርግ ዘመን የቀበሌና የአውራጃ ኪነት ቡድኖች ውስጥ ነው። እነዚያ ቡድኖች የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ እንደነበሩ አይካድም፤ ስንቱ ወጣት ያላመነበትን መፈክር በዜማ ጮኋል። ግን መሣሪያ መንካትን፣ ቀጠሮ አክብሮ ልምምድ መግባትን፣ ከሕዝብ ፊት መቆምን ያስተማሩትም እነሱ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ መፈክሩም ልምምዱም አብረው ቀሩ። ብዙዎቹ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። ዛሬ ለበዓል ሲፈለጉ ተጠርተው አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ምሳ ይበላሉ፤ ይሸኛሉ።

ይህን ስጽፍ «መንገዱ ሳይስተካከል፣ መብራቱ ሳይቆም፣ የቡናው ዋጋ ለገበሬው ሳይደርሰው ስለ ዘፈን ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን መንገድ ዘንድሮ ባይሠራ ለከርሞ ሊሠራ ይችላል። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ድምፅ ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ወጪውም ቢሆን ከመንገድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ለአንድ በዓል ከሚታተመው ቲሸርትና ባነር ዋጋ ጥቂቱን ቢወስድ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ ማን ያልተቀረጸ አለ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ በዚያ ቀንም ጥቂት ስልኮች ተነሥተው ነበር። ስም፣ ቀንና ቦታ የሌለው የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ግን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባይጠፋም ለዘፋኙ የሚያስገኝለት ነገር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኝን መብት ያውቃል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። መብት የሚጠየቀው ግን በስም ነው። ስሙ ላልተጠራ ዘፋኝ ሕጉ ምን ያደርግለታል?

ምን ይደረግ?

ትልቅ ነገር አልጠይቅም። የመጀመሪያው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፦ የመድረክ መሪዎች የዘፋኙን ሙሉ ስምና የመጣበትን ቀበሌ ይጥሩ። የክብር እንግዳውን ማዕረግ ሦስት ጊዜ የሚጠራ አንደበት የሙዚቀኛውን ስም አንድ ጊዜ ለመጥራት አይደክመውም።

ሁለተኛ፣ ክፍያ ይኑር። ምሳ ክፍያ አይደለም። አዳራሹን ያከራየው፣ ድንኳኑን የተከለው፣ ውኃውን ያቀረበው ሁሉ በደረሰኝ ሲከፈለው ዘፋኙ በምስጋና የሚሸኝበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ቀረጻ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አላት። ካፊኖኖ የሚናገሩ፣ ስልክና ኮምፒውተር የለመዱ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየወረዳው ሄደው አረጋውያን ድምፃውያንን በፈቃዳቸው ቢቀርጹ፣ ግጥሙን ቢጽፉ፣ ስምና ቀን ቢያኖሩ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚኖረን ሀብት ቀላል አይሆንም። ቡናችን ከጫካችን ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ ምንነቱን ሌሎች ጻፉት፤ እኛ «መነሻው እኛ ነን» እያልን ስንከራከር እንኖራለን። ድምፃችን ላይ ይኸው ክርክር እንዳይደገም ዛሬ ይጻፍ።

የዚያ ቀኑ ሽማግሌ ነገሩ ከሁላችንም ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። ንግግር አላደረጉም፤ የምስክር ወረቀት አላዘጋጁም። የሚበርዳቸው ዕድሜ ላይ ሆነው የለበሱትን አውልቀው አለበሱት። የእኔ ጭብጨባ ግን ከአዳራሹ በር አላለፈም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሥራ ለራሴ ሰጥቻለሁ። ለበዓል ቦንጋ ስገባ ያን ሰው አፈላልጌ፣ ያልጠየቅሁትን ስም እጠይቀዋለሁ። ከፈቀደልኝም ድምፁን ከነስሙ እቀርጻለሁ። አንባቢም በየአካባቢው ያጨበጨበላቸውንና ስማቸውን ያልጠየቃቸውን ያስብ። በሕይወት ካሉ ጊዜው አላለፈም።