የስኮትላንድ ክለቦች ወደ እንግሊዝ ሊግ መግባት አለባቸውን? የሁለት ክለቦች ጥቅምና የአንድ አገር ሊግ ዕጣ

የግላስጎው ከተማ ሁለቱ ታላላቅ የእግር ኳስ ክለቦች፣ ሴልቲክና ሬንጀርስ፣ የስኮትላንድን ሊግ ትተው በእንግሊዝ የሊግ ሥርዓት ውስጥ ይወዳደሩ የሚለው ሐሳብ ላለፉት በርካታ ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ቆይቷል። ሐሳቡ በአንድ ወቅት በክለብ ባለቤቶች፣ በሌላ ጊዜ በአሠልጣኞችና በደጋፊዎች ይነሳል፤ በእንግሊዝ ክለቦች ተቃውሞ ወይም በሕግ እንቅፋት ሳቢያ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ተመልሶ ይመጣል።

ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የስፖርት ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያሉ ጥቂት ጠንካራ አባላት ከሥርዓቱ ለመውጣት ሲፈልጉ የመወሰኑ ሥልጣን የማን ነው? የውሳኔውንስ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? የሚሉ መሠረታዊ የአስተዳደር ጥያቄዎችን ያዘለ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው ታሪካዊ መነሻ

የስኮትላንድና የእንግሊዝ እግር ኳስ ከጅምሩ የተሳሰረ ታሪክ አለው። የመጀመሪያው ይፋዊ የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በሁለቱ መካከል የተደረገው በ1872 በግላስጎው ሲሆን፣ ውጤቱም ያለ ግብ አቻ ነበር። የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር በ1873 ተመሠረተ። በ1888 የተቋቋመውን የእንግሊዝ እግር ኳስ ሊግ በማመንጨት ቀዳሚውን ሚና የተጫወተው የአስቶን ቪላው ዊልያም ማክግሪገርም ትውልዱ ስኮትላንዳዊ ነው።

በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ክለቦች በእንግሊዝ የኤፍ ኤ ዋንጫ ይሳተፉ ነበር። ኩዊንስ ፓርክ የተባለው የግላስጎው ክለብ በ1884 እና በ1885 ለፍጻሜ ደርሶ በሁለቱም ጊዜ በብላክበርን ሮቨርስ ተሸንፏል። ሬንጀርስም በ1887 እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዟል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር አባል ክለቦቹ በሌላ ብሔራዊ ማኅበር ውድድር እንዳይሳተፉ ከለከለ። የስኮትላንድ ሊግም በ1890 ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ስለዚህ ሁለቱ ሥርዓቶች የተለያዩት በአጋጣሚ ሳይሆን በውሳኔ ነው፤ ውሳኔውንም ያሳለፈው የስኮትላንድ ወገን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የገንዘብ ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ጥያቄው በተደጋጋሚ እንዲነሳ ያደረገው ዋነኛ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1992 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከተመሠረተ ወዲህ ከቴሌቪዥን ስርጭት መብት የሚገኘው ገቢ በፍጥነት አድጓል። ሊጉ ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ለአራት ዓመታት የሚቆየውን የአገር ውስጥ ስርጭት መብት በ6 ነጥብ 7 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጧል። ይህ ከውጭ አገራት የሚገኘውን ከፍተኛ ገቢ አይጨምርም። ቅዳሜና እሁድ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ጨዋታዎቹን ለመከታተል በየአዳራሹ የሚሰበሰበው ተመልካችም የዚሁ ዓለም አቀፍ ገበያ አካል ነው።

በአንጻሩ የስኮትላንድ ሊግ ከዋነኛው የቴሌቪዥን ስርጭት ውሉ በዓመት የሚያገኘው 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር የእንግሊዝ ሊግ ከአገር ውስጥ ስርጭት ብቻ በዓመት የሚያገኘው ገቢ የስኮትላንዱን ከ50 እጥፍ በላይ ይበልጣል። በፕሪሚየር ሊጉ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ የሚወርድ ክለብ እንኳ በቅርብ ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ድርሻ ሲደርሰው ቆይቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሴልቲክ 60 ሺህ፣ ሬንጀርስ ደግሞ 50 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አላቸው። ሴልቲክ በ1967 በሊዝበን ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው የብሪታንያ ክለብ ነው። ሬንጀርስም በ1972 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዷል፤ በ2022 ደግሞ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በመለያ ምት ነው የተሸነፈው። እንዲህ ያለ ታሪክና ደጋፊ ያላቸው ክለቦች በገቢ ከእንግሊዝ መካከለኛ ክለቦች በታች ሆነው መቅረታቸው ለዝውውሩ ደጋፊዎች ትልቁ መከራከሪያ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የፉክክር መጥፋት ነው። በ1985 በአሌክስ ፈርጉሰን ይሠለጥን የነበረው አበርዲን ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ በነበሩት 40 ዓመታት የሊጉን ዋንጫ ከሁለቱ ክለቦች ሌላ ያነሳው የለም። በ2025 መጨረሻ ላይ እያንዳንዳቸው 55 የሊግ ዋንጫዎች ነበሯቸው። ሁለቱ ቢወጡ ለእነርሱም፣ ለቀሪዎቹም አዲስ ምዕራፍ ይከፈታል የሚለው ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የዌልስ ምሳሌ ይሠራልን?

የሐሳቡ ደጋፊዎች የዌልስ ክለቦችን በምሳሌነት ያቀርባሉ። ካርዲፍ ሲቲ፣ ስዋንዚ ሲቲ፣ ሬክሰምና ኒውፖርት ካውንቲ በእንግሊዝ የሊግ ሥርዓት ውስጥ ይጫወታሉ። ካርዲፍ በ1927 የኤፍ ኤ ዋንጫን አሸንፏል። ስዋንዚም በ2013 የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫን ወስዶ በዩሮፓ ሊግ ተሳትፏል። ዌልስም የራሷን ብሔራዊ ቡድን እንደያዘች ቀጥላለች። ከብሪታንያ ውጭም ሞናኮ በፈረንሳይ፣ የሊክተንስታይኑ ቫዱዝ በስዊዘርላንድ፣ ሦስት የካናዳ ክለቦችም በአሜሪካ ሊግ ይወዳደራሉ። በእንግሊዝ ግዛት የሚገኘው ቤሪክ ሬንጀርስም ለረጅም ዘመን የተጫወተው በስኮትላንድ ሊግ ነው።

ይሁን እንጂ በዌልስና በስኮትላንድ መካከል ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። የዌልስ ክለቦች በእንግሊዝ ሥርዓት ውስጥ ያደጉት ዌልስ የራሷ ብሔራዊ ሊግ ባልነበራት ጊዜ ነው፤ የዌልስ ሊግ የተቋቋመው በ1992 ነው። ክለቦቹ ደረጃቸውን ያገኙት በጊዜ ሂደትና በውጤት እንጂ በልዩ ፈቃድ አልነበረም። ስኮትላንድ ግን ከ130 ዓመታት በላይ የዘለቀ፣ በአሁኑ አደረጃጀቱ 42 ክለቦችን በአራት ዲቪዚዮኖች ያቀፈ ሊግ አላት። አንድን ቀድሞ በሌላ ሥርዓት የነበረ ክለብ በነበረበት ማቆየትና አንድን ነባር ሊግ ከሁለት ዋነኛ ምሰሶዎቹ መለየት ተመሳሳይ ተግባራት አይደሉም።

የእንግሊዝ ወገን አቋም

ሌላው መሠረታዊ ነጥብ ተቀባዩ ወገን ፈቃደኛ አለመሆኑ ነው። በ2009 የቦልተን ወንደረርስ ሊቀ መንበር ፊል ጋርትሳይድ ሁለቱን የግላስጎው ክለቦች ያካተተና በሁለት እርከን የተዋቀረ ፕሪሚየር ሊግ እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርበው ነበር። የሊጉ 20 ክለቦች በኖቬምበር ወር ባደረጉት ስብሰባ የስኮትላንዶቹን መግባት ተፈላጊም፣ ተግባራዊም እንዳልሆነ ገልጸው ሳይቀበሉት ቀርተዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። በፕሪሚየር ሊጉ ደንብ መሠረት አንድ ዐቢይ ለውጥ ለማጽደቅ ከ20 ክለቦች የ14ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለት ትላልቅ ክለቦች ሲጨመሩ ሁለት ነባር ክለቦች ቦታቸውን ያጣሉ፤ ወይም ገንዘቡ ለብዙ ይከፋፈላል። በየዓመቱ ከመውረድ ስጋት ጋር የሚታገሉት ክለቦች በራሳቸው ላይ እንዲፈርዱ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለቱ ክለቦች እንደማንኛውም አዲስ ክለብ ከታችኛው ዲቪዚዮን ይጀምሩ ቢባል ደግሞ ወደ ላይ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። በእነዚያ ዓመታት ከአውሮፓ ውድድሮች ሊርቁ ይችላሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ሆነው ለቻምፒዮንስ ሊግ የሚበቁበትን መንገድ ለቀው እንግሊዝ ውስጥ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ቢቀሩ ነገሩ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆን ነው። በእርግጥ አሁን ያለው መንገድም ቀላል አይደለም። ሴልቲክ በኦገስት 2025 በካዛኪስታኑ ካይራት አልማቲ በመለያ ምት ተሸንፎ ከቻምፒዮንስ ሊግ ውጭ ሆኗል።

የቀሪዎቹ አርባ ክለቦች ዕጣ

የሁለቱ ክለቦች መውጣት በቀሪዎቹ ላይ ምን ያስከትላል? ለዚህ ጥያቄ በከፊልም ቢሆን መልስ የሚሰጥ ተሞክሮ አለ። በ2012 ሬንጀርስን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ በዕዳ ምክንያት ሲፈርስ፣ ክለቡ በአዲስ ኩባንያ ሥር ከአራተኛው ዲቪዚዮን እንዲጀምር ተወሰነ። ወደ ላይኛው ሊግ የተመለሰውም በ2016 ነበር። በወቅቱ የሊጉ ገቢ ክፉኛ ይጎዳል የሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ነበር።

ሊጉ ግን አልፈረሰም። ከዚህ ይልቅ ሴንት ጆንስተን በ2014፣ ኢንቨርነስ ካሌዶኒያን ትሥል ደግሞ በ2015 በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የስኮትላንድን ዋንጫ አነሱ። ሂበርኒያንም በ2016 ከ114 ዓመታት ቆይታ በኋላ ለዚሁ ዋንጫ በቃ። በሌላ በኩል ሴልቲክ ከ2012 እስከ 2020 የሊጉን ዋንጫ ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ይህ የሚያመለክተው ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛ፣ ትናንሾቹ ክለቦች ያለ ታላላቆቹ በአንድ ጀምበር አይጠፉም። ሁለተኛ፣ የሬንጀርስ ርቀት ጊዜያዊ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ስለነበር የቴሌቪዥን ድርጅቶችና ደጋፊዎች መመለሱን እየጠበቁ ቆይተዋል። የሁለቱም መውጣት ዘላቂ ቢሆን የስርጭት ውሉ ዋጋ የሚመሠረትበት፣ በተለምዶ ኦልድ ፈርም የሚባለው ግጥሚያ ራሱ ከሊጉ ይጠፋል።

የአነስተኛ ክለቦች ጥቅም በዋንጫ ብቻ የሚለካም አይደለም። አንድሪው ሮበርትሰን በልጅነቱ ከሴልቲክ ከተሰናበተ በኋላ በ2012/13 በዝቅተኛው ዲቪዚዮን ለኩዊንስ ፓርክ ይጫወት ነበር። በ2019 ከሊቨርፑል ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አምበልም ነው የሆነው። ታላቁ ክለብ ያልፈለገውን ተጫዋች አንስቶ ያሳደገው ከሥር ያለው ሊግ መሆኑ ግልጽ ነው።

የብሔራዊ ማንነትና የሕግ ጥያቄ

ስኮትላንድ ሉዓላዊ መንግሥት ሳትሆን በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች ማኅበር (ፊፋ) ራሷን የቻለች አባል ናት። በ1886 የተቋቋመው የጨዋታ ሕግ አውጪ ቦርድ ካሉት ስምንት ድምፆች አራቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ናቸው፤ ቀሪዎቹ አራቱ የፊፋ ናቸው። ይህ ልዩ መብት ከታሪክ የተወረሰ በመሆኑ የስኮትላንድ እግር ኳስ ኃላፊዎች በጥንቃቄ ይጠብቁታል። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ብሪታንያ በአንድ የእግር ኳስ ቡድን እንድትወከል ሲወሰን የስኮትላንድ ማኅበር የተቃወመው የተለየ አባልነቱ ጥያቄ ውስጥ እንዳይገባ በመስጋት ነበር። ዋነኞቹ ክለቦች በእንግሊዝ ሊግ የሚጫወቱ ከሆነ የተለየ ማኅበር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ከሌሎች አባል አገራት ሊነሳ ይችላል የሚለው ስጋት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በ2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪዎች ስኮትላንድ በብሪታንያ ውስጥ እንድትቆይ ወስነዋል። ብሔራዊ ቡድኑ ግን የፖለቲካ አቋሙ ምንም ይሁን ምን ሁሉንም የሚያሰባስብ ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። በኖቬምበር 2025 በሃምፕደን ፓርክ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፎ ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ማለፉን ባረጋገጠ ጊዜ በመላ አገሪቱ የታየው ደስታ ይህንኑ ያመለክታል።

በሕግ ረገድም አንድ ክለብ በሌላ ማኅበር ግዛት ለመወዳደር የሁለቱን ማኅበራት፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት (ዩኤፋ) እና የፊፋ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2023 ፊፋና ዩኤፋ አዳዲስ ውድድሮችን አስቀድመው የሚፈቅዱበት ደንብ ግልጽ መስፈርት የሌለው በመሆኑ ከኅብረቱ የውድድር ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። ሆኖም ብሪታንያ በ2020 ከኅብረቱ ስለወጣች ውሳኔው ለግላስጎው ክለቦች ቀጥተኛ መፍትሔ አይሆንም።

መፍትሔው ወዴት ነው?

ከላይ የቀረቡት ነጥቦች ሲጠቃለሉ የዝውውሩ ሐሳብ የሁለቱን ክለቦች እውነተኛ ችግር የሚያሳይ እንጂ ለችግሩ ተገቢውን መፍትሔ የሚሰጥ አይደለም። ጥቅሙ ለሁለት ክለቦች ሲሆን፣ ጉዳቱ ግን ለአርባ ክለቦችና ለአንድ ብሔራዊ ማኅበር ይተርፋል። ውሳኔውም በሁለቱ እጅ ብቻ ያለ አይደለም።

ይህ ማለት ግን አሁን ያለው አሠራር እንዳለ ይቀጥል ማለት አይደለም። በቀድሞው የስኮትላንድ ፕሪሚየር ሊግ ዐበይት ውሳኔዎችን ለማሳለፍ ከ12 ክለቦች የ11ዱ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች ከተስማሙ ማናቸውንም ለውጥ ማገድ ይችሉ ነበር። በ2002 ቀሪዎቹ አሥር ክለቦች ከሊጉ እንወጣለን እስከ ማለት የደረሱት በዚሁ ሳቢያ ነው። የመውጣት ጥያቄን ለመጀመሪያ ጊዜ በጋራ ያነሱት ታላላቆቹ ብቻ አለመሆናቸውን ይህ ታሪክ ያስታውሳል።

በመሆኑም ትኩረት የሚሻው ዐቢይ ጉዳይ የሊጉ ገቢ እንዴት ይከፋፈል፣ ድምፅ እንዴት ይሰጥ፣ ታዳጊ ተጫዋቾች የት ይደጉ የሚለው የውስጥ ጥያቄ ነው። አንድ ሥርዓት ጠንካራ አባላቱን ይዞ መዝለቅ የሚችለው በሩን በመዝጋት ብቻ ሳይሆን፣ ጠንካራውም ደካማውም መቆየቱ እንደሚጠቅመው የሚያረጋግጥ ደንብ ሲኖረው ነው። የስኮትላንድ እግር ኳስ መሪዎች ይህን ማድረግ እስካልቻሉ ድረስ ወደ ደቡብ የመሻገሩ ጥያቄ በየጥቂት ዓመቱ ተመልሶ መነሳቱ የማይቀር ይሆናል።