ለማያገባው ጠያቂ እውነቱን የመንገር ዕዳ የለብንም!

የሚሰልለን ያጣን ይመስል፣ ሰላዩን በገዛ ገንዘባችን ገዝተን ኪሳችን ውስጥ ይዘነው መዞር ጀመርን እኮ ጎበዝ!

ባለፈው ክረምት እናቴን ኩላሊቷን አመማትና ስለ ሕመሙ ለማወቅ በስልኬ ጥቂት ነገር ፈለግሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷም እንዲወራባት አልፈለገችም። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የኩላሊት ማስታወቂያ ይደረደርልኝ ጀመር። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ለባልደረባዬ ፎቶ ላሳየው ስልኬን ብዘረጋለት፣ ማስታወቂያውን አየና «ምነው፣ ኩላሊትህን ያምሃል እንዴ?» አይለኝም! የእናቴ ምስጢር ከአፌ ሳይወጣ አደባባይ ዋለ ማለት አይደል?

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው? የፈለግነው፣ የነካነው፣ የቆምንበት ሁሉ ይመዘገባል፤ መዝገቡም ለአስተዋዋቂ ይቸበቸባል። አልፈልግም ብትሉ «ካልተስማማህ አገልግሎቱ የለም» ነው መልሱ። ይሄ ስምምነት ነው ወይስ ግዴታ?

እንግዲህ መሸሽ ካልተቻለ ማደናገር ነው! ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሃምቡርግን ሲደበድቡ የብር ወረቀት መሰል ቁርጥራጭ ከሰማይ በተኑ፤ የጀርመን ራዳርም አውሮፕላኑን ከቁርጥራጩ መለየት አቃተው። በ2006 ደግሞ ዳንኤል ሃውና ሄለን ኒሰንባም የተባሉ ምሁራን «ትራክሚኖት» የተሰኘ ፕሮግራም አወጡ፤ ባለቤቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ እየፈበረከ ይልካል፣ እውነተኛው ጥያቄ በሐሰተኛው መሃል ይደበቃል። በኋላ የመጣው «አድኖዚየም» ማስታወቂያውን ሁሉ በጅምላ ይጫናል። ጉግል በ2017 ከክሮም መደብሩ አባረረው። ምክንያቱ ደንብ ጥሷል የሚል ነበር፤ እኔ ግን ሳይቆጠቁጠው አልቀረም ባይ ነኝ።

እኔም በአቅሜ ጀምሬያለሁ። ዕድሜዬን ለሚጠይቀኝ የስልክ ጨዋታ ሁሉ የ94 ዓመት አዛውንት ነኝ። ማታ ማታ የትራክተር ጎማ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ የንብ ቀፎ ዋጋ እጠይቃለሁ። ስልኬ አሁን ገበሬ ልሁን ሙሽሪት ግራ ገብቶታል!

«ውሸት ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፤ ለሐኪም፣ ለባንክ፣ ለመታወቂያ፣ ለፍርድ ቤት አይዋሽም። ነገር ግን በመስኮት አጮልቆ የሚያይ ሰው «መጋረጃ ዘጉብኝ» ብሎ ይከሳል እንዴ?

አዎን፣ ማደናገር ሁሉን አይሸፍንም፤ የስልክ ቁጥራችንና ያለንበት ቦታ እንዲህ በዋዛ አይደበቅም። ለዚህ ሕግ ያስፈልጋል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ይሁንና አዋጁ ከወረቀት ወርዶ ኪሳችን እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንድ ሰው ብቻውን ቢያደናግር ይለያል፤ ሁላችንም ካደናገርን ግን መዝገባቸው ገለባ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል!

የእናቴን ኩላሊት ለእናቴ ተዉላት!