ታንኳዋን እያወደስን ውሃዋን ስንጠጣ

ባለፈው ጥር ወልቂጤ ላይ በተሰናዳ አንድ የግጥም ምሽት ተገኝቼ ነበር። ከአንባቢዎቹ አንዱ፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ታንኳ የጻፈውን ረጅም ግጥም አሰማን። ታንኳይቱ ሙሽራ ናት፤ ሐይቁ መስተዋት ነው፤ ቀዛፊው ፈላስፋ ነው። ሞተር የሚባለው የዘመን ጋኔን ከዚህች ገነት ይርቅ ዘንድም በመጨረሻው ስንኝ ተማጽኖ ቀረበ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ስገባ ግን በገዛ እጆቼ አፈርኩ።

በወዳጄ ላይ ከመፍረዴ በፊት ራሴን መክሰስ ይገባኛል። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቡታጅራ በባንክ ሥራ እንደ ተቀጠርኩ፣ እኔም እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦

ታንኳ ሆይ አዝግሚ፣ ጊዜ አያጣድፍሽ፣
ነፋስ እስክስታ ነው፣ ማዕበልም ዘፈንሽ።

ይህን ስጽፍ ታንኳ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ እሑድ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወርደን፣ የመቂ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አካባቢ ከምትገኝ ጥቂት ጎጆዎች ያሏት መንደር ደረስን። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ውበቱን አልክድም፤ የሚክድ ካለ ዓይን የለውም። ውሃው አንዲት ሽብሽብ አልነበረውም። ፔሊካኖቹ እንደ ነጭ ጀልባ ተሰልፈው ይንሳፈፋሉ፤ አባ ኮዳ የዓሣ አጥማጆቹን ትርፍራፊ ሲጠብቅ ከተረሳ የቢሮ ዘበኛ አይለይም። ከደንገል የታሰረችው ታንኳ ድምፅ የላትም። መቅዘፊያው ሲነከርና ሲወጣ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። በሩቁ ቱሉ ጉዶ ይታያል፤ ደብረ ጽዮንን የተሸከመው፣ ትውፊት እንደሚለው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዶ ያረፈበት ደሴት ነው። ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት እንኳ ረሳ፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ግጥሞቻችን ሁሉ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ጉዞው ግን አያበቃም።

በመጀመሪያ የተሰማኝ የሱሪዬ መርጠብ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳይቱ በሰነበተች ቁጥር ትከብዳለች፤ ከውሃ አውጥተው በፀሐይ ካላደረቋት እንደ ጠገበች ላም አልነሳም ትላለች። እግር መዘርጊያ የለም፤ ከተወዛወዝክ ሦስታችሁም ትገለበጣላችሁ። ቀዛፊው ጉማሬ ያለበትን ጥግ እየዞረ በመሄዱ መንገዱ ረዘመ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ተነሣ። ያ በግጥሜ እስክስታ የወረደው ነፋስ ማለቴ ነው። መስተዋቱ ሐይቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይዘል ጀመር። ዳር ደርሰን ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ስሰምጥ እናቴን ጠራሁ፤ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ!

ቀዛፊው አረጋዊ ሰው ናቸው። «አባቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው። «ዛሬማ ደግ ነው ልጄ» አሉኝ። «ክፉ ቀን ማለት ነፋስ ተነሥቶ፣ ደሴት ላይ ምጥ የያዛት ስትኖር ነው።» ሌላ አልጨመሩም። ታንኳቸውን ገልብጠው ማድረቅ ጀመሩ።

እንግዲህ ለገጣሚ ወዳጄ ጥያቄዬ ይህ ነው። በአንተ ግጥም ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት የት ናት? ታንኳ ታዝግም የምንለው እኛ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ የምንመለሰው ነን። ሞተር ጋኔን ነው የምንል ሰዎች ከወልቂጤ አዲስ አበባ በእግራችን አንሄድም። የሞተር ጩኸት ጆሮ ይበሳል፣ ቤንዚኑም ይሸታል፣ ዋጋውም የዓሣ አጥማጅን ኪስ ይቀድዳል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ታንኳውን ከሞተር ጀልባ፣ መዘግየትን ከመድረስ የመምረጡ መብት የደሴተኛው እንጂ የታዳሚው አይደለም።

ደሴተኞቹም ባዕድ አይደሉም። የዛይ ሕዝብ ቋንቋ ከስልጤና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ከቡታጅራ ገበያ ከሚሰማው ንግግር ቤተ ዘመድ ነው ማለት ነው። በግጥሞቻችን ግን ሥዕል አደረግናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ከዋናው ኃጢአታችን ያነሰ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም እጅግ ጥልቅ ነው በሚባልበት ስፍራ እንኳ 10 ሜትር አይሞላም። ሰፊ ድስት ሳይሆን ሰፊ ምጣድ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ አንድ ክንድ ሲጎድል ዳርቻው ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ታንኳ የሚታሰርበት ስፍራ ጭቃ፣ ጭቃው ሣር ይሆናል። እኔ እስከ ጉልበቴ የሰመጥኩበት ጭቃ ትናንት ሐይቅ ነበር፤ ሽማግሌው በጣታቸው አሳይተውኛል። ሐይቁን በዋናነት የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው፤ ካታር ከአርሲ፣ መቂ ደግሞ ከእኛው ከጉራጌ ተራሮች። ትርፉን ቡልቡላ ተቀብሎ ለአቢጃታ ያደርሳል። አቢጃታ ምን ያህል እንደ ሸሸ ያየ ሰው የዝዋይን ነገር በግጥም አይቀልድበትም።

ታዲያ መቂን ማን ይጠጣዋል? የአበባ እርሻዎቹን ለመክሰስ ሁላችንም ፈጣን ነን፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐይቁ ዳር የተተከሉት የፕላስቲክ ቤቶች ከሩቅ ስለሚያብረቀርቁ ለክስ ይመቻሉ። ይከሰሱ፤ አልቃወምም። በወንዙ ግራና ቀኝ የተደረደረው የውሃ ፓምፕ ግን የማን ነው? ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የማን ነው? ተራራው ሲራቆት በክረምት ታጥቦ ሐይቁን የሚሞላው አፈርስ ከማን ማሳ ወረደ?

እኔ መልሱን በከፊል አውቀዋለሁ፤ መዝግቤዋለሁና። በተቀመጥኩበት መስኮት የፓምፕ መግዣ ብድር ማመልከቻ ተቀብያለሁ፣ ዋስትናውን አገናዝቤያለሁ፣ ማኅተም መትቻለሁ። ቅጹ የቤት ካርታ ይጠይቃል፣ የጋብቻ ማስረጃ ይጠይቃል፣ የዋስ ፊርማ ይጠይቃል። ውሃው ከየት እንደሚሳብ የሚጠይቅ አንድ መስመር የለውም። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያው ሽንኩርት ነው። በወር መጀመሪያ ደመወዜ የሚገባውም ከዚያው ብድር ወለድ መሆኑን አልሸሽግም። ቀን ማኅተም እየመታሁ ማታ ስለ ታንኳ ማዜሜ ነው ያሳፈረኝ።

«እኛ ደጋማዎች ነን፣ የውሃ ጉዞ ባህላችን አይደለም» የሚል ማመካኛም ሰምቻለሁ። የጋምቤላን ታሪክ የረሳ ሰው አባባል ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ድረስ እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነዋል። በጋ ሲሆን ወደቡ ይተኛል። የዚያ ዘመን ነጋዴ ስለ መርከቧ ቁንጅና ከማውራቱ በፊት የወንዙን ልክ ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ፪» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭና ዳገት ቁልቁለቱን ስታቋርጥ ደስታችንን በግጥም ገለጽን፤ እኔም ሁለት ስንኝ አዋጥቻለሁ። እምቦጭ የወረረው ጣና እንዴት እንደሚቀበላት የጠየቀ ገጣሚ አላጋጠመኝም።

ወልቂጤዎችስ ብንሆን? ዋቤ ከከተማችን አቅራቢያ እየፈሰሰ በየሰፈሩ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ያደግን ሰዎች ነን። ውሃ ሲርቅ ምን እንደሚመስል ከእኛ የተሻለ ማን ሊጽፈው ይችላል?

ከዚያ የግጥም ምሽት በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ደንበኛ የፓምፕ ብድር ይዞ መጣ። «ከየትኛው ወንዝ ነው የምትስበው?» አልኩት። ግር አለውና ሳቀ፤ «ከመቂ ነዋ፣ ሌላ ከየት አለ ጋሼ?» አለኝ። ቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበረው በኅዳጉ በእርሳስ «መቂ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ሰነዱን መልሰው አመጡልኝና ኅዳጉን በጣታቸው እየነኩ፣ «ይህ ምንድን ነው? አጥፋው» አሉኝ። ላጲስ አልነበረኝም። ከጎኔ ካለችው ባልደረባዬ ተዋስኩ።