የጨው ቁጥርም አማና ነው

ለመመረቂያ ጽሑፍ ግሮማክስን ለምትጠቀሙ እህት ወንድሞች አንድ ነገር ልበል።

ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እያንዳንዱ አቶም ወዴት እንደሚሄድ በኒውተን ሕግ ያሰላል። አንዱ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ 2 ፌምቶሰከንድ ነው፤ አንድ ናኖሰከንድ ለማየት 500,000 እርምጃ ይፈልጋል። ሶዲየም የውሃውን ኦክስጅን ወደ ራሱ ይስባል፣ ክሎራይድ ደግሞ ሃይድሮጅኑን። ስክሪን ላይ ሲያዩት ሱብሓነላህ ያሰኛል።

ኮምፒውተሩ ግን ጨውን አያውቅም። የሚያውቀው እኛ የሰጠነውን ቁጥር ነው፦ የአዮኑን ስፋት፣ ቻርጁን፣ የውሃውን ሞዴል። አፋሮች ከአሳሌ የሚቆርጡት ጨው በአንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ይሟሟል። አንዳንድ የቀድሞ የአዮን ቁጥሮች ግን ጨውን፣ በተለይ ፖታሲየም ክሎራይድን፣ ገና መሟሟት ሲገባው ያረጉት ነበር። ጁንግና ቺታም እ.ኤ.አ. በ2008 የተስተካከሉ ቁጥሮችን ያወጡት ለዚህ ነው፤ ያውም ለየውሃ ሞዴሉ ለየብቻ።

እኛስ? በሰባታሚት ቤት የተከራየውም ሆነ ዶርም ያለው ፋይሉን ከጓደኛው በፍላሽ ይቀበላል፣ ያስኬዳል፣ ግራፉን ይለጥፋል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ አይጽፍም። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሚዛን ስለሚያጎድሉ ሰዎች ነው፤ በእኔ እይታ ይህም እዚያው ይመደባል።

ቢያንስ የውሃ ሞዴሉን፣ የአዮኑን ቁጥር ምንጭና ውጤቱን ከየትኛው የላብራቶሪ ልኬት ጋር እንዳስተያያችሁ ጻፉ። አማካሪያችሁ ባይጠይቃችሁም።